ሌባው ከጎን ወንበር ላይ

ስለተሰረቀ የኒውክሌር ቦምብ የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ አንዱ ነው። «ብሮክን አሮው» ይባላል፤ በ1996 የወጣ፣ ጆን ዉ ያዘጋጀው፣ ጆን ትራቮልታና ክርስቲያን ስሌተር የሚተውኑበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዳይሬክተሩ ምርጥ ሥራ ይህ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔም አልልም። ግን አንድ ነገር በትክክል የያዘ ፊልም ነው። ስለዚያ ነገር ብዙ ጊዜ ስለማስብ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ሳልነካ መጻፍ አልችልም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች፣ ሻለቃ ቪክ ዲኪንስና ሻምበል ራይሊ ሄል፣ በራዳር በማይታይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሌሊት ለልምምድ ይነሳሉ። አውሮፕላኑ «ቢ-3» ይባላል፤ የፊልሙ ፈጠራ ነው፣ በእውነት የለም። ሆዱ ውስጥ ያሉት ሁለት «ቢ83» ቦምቦች ግን በእውነት ያሉ ናቸው። የአንዱ ጉልበት እስከ 1.2 ሜጋቶን ይደርሳል። ሂሮሺማ ላይ የተጣለው 15 ኪሎቶን አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን የሂሮሺማን ሰማንያ እጥፍ ያህላል። ዩታ በረሃ ላይ ሲደርሱ ዲኪንስ በጓደኛው ላይ ሽጉጥ ያወጣል። ይታገላሉ። ሄል ከአውሮፕላኑ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ቦምቦቹ ሳይፈነዱ በፓራሹት በረሃው ላይ ይወርዳሉ፣ ዲኪንስም ዘሎ አውሮፕላኑ ይከሰከሳል። ምድር ላይ ሰዎቹ እየጠበቁት ነው። የቀረው ፊልም ማሳደድ ነው። ሄል ቴሪ ከምትባል የፓርክ ጠባቂ ጋር (ሳማንታ ማቲስ ናት) በመኪና፣ በማዕድን ጉድጓድ፣ በወንዝ፣ በመጨረሻም በባቡር ላይ ቦምቦቹን ለማስመለስ ይጋደላል።

ለእኔ ግን የፊልሙ ልብ ያለው እዚያ ኮክፒት (አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው በቦክስ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሪንግ ውስጥ ሆነው በሃያ ዶላር ተወራርደው ይደባደባሉ፤ ዲኪንስ እየመታውም ይመክረዋል፣ ድክመቱንም ይነግረዋል። አብረው የበሉ፣ አብረው የበረሩ፣ አንዱ ሌላው ቀጥሎ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ነው ያ ሁሉ የሚመጣው። በአውሮፕላኑ ላይ ያለው ቴክኖሎጂ በሙሉ ዓይኑ ወደ ውጭ ነው፤ ራዳሩ፣ መደበቂያው፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ጠላት የሚጠብቅ ነው። ጠላት ግን እዚያው፣ ክንዱ ክንድህን በሚነካበት ርቀት ተቀምጧል። ዲኪንስ አጥር መስበር አላስፈለገውም። በር መክፈት አላስፈለገውም። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ባጁን አንጠልጥሎ፣ ሰላምታ ተሰጥቶት ነው የገባው። ቦምቡ ራሱ እጁ ላይ ተፈርሞ የተሰጠው ሰው ነው። ቦምቡ ሲጠፋ አለቆቹ ምን ብለው እንደሚያስቡና ማንን ወዴት እንደሚልኩ እንኳን ያውቃል፤ እሱም ለዚያው ሥራ የሠለጠነ ነውና።

ይህን ዘውግ የሚወድ ሰው በ1965 የወጣውን «ተንደርቦል» የተባለውን የጄምስ ቦንድ ፊልም ያስታውሳል። እዚያም ሁለት ቦምቦች ከአውሮፕላን ጋር ይሰረቃሉ። ሌቦቹ ግን ትልቅ የወንጀል ድርጅት ናቸው፤ ከውጭ ናቸው። ሆኖም ልብ በሉ፦ ያ ሁሉ ገንዘብና መርከብ ያለው ድርጅት እንኳን ቦምቡ ጋ ለመድረስ ፊቱ በቀዶ ሕክምና የአንድን መኮንን እንዲመስል የተሠራ ሰው አስፈልጎታል። የውስጥ ሰው መምሰል ግድ ሆኖበታል ማለት ነው። ጆን ዉ ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ትቶ በቀጥታ የውስጡን ሰው ራሱን ሌባ አደረገው። ትክክል ነው የምለው ይህን ነው። ለምን ትክክል እንደሆነ እመጣበታለሁ።

በፊት ግን ስለ ትራቮልታ ትንሽ። ብዙ ሰው ሲያበዛው ነው ይላል፤ ሲጋራው አያያዝ፣ ሳቁ፣ አረማመዱ ሁሉ ልክ የለውም ይላል። እኔ ደግሞ ይህ ሰው እንዲህ ካልሆነ ፊልሙ አይቆምም እላለሁ። ዲኪንስ በራሱ የሚተማመን፣ ሰው የሚስብ፣ ሥራውን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው የታመነው። አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው። ሙዚቃው የሃንስ ዚመር ነው፤ ዲኪንስ ብቅ ሲል የሚመጣው ያ ወፍራም የጊታር ድምፅ ካየሁት በኋላ ለቀናት ከጆሮዬ አይወጣም። ድርሰቱ የግርሃም ዮስት ነው፤ ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት በፊት ስለማይቆመው አውቶቡስ የሚተርከውን «ስፒድ»ን የጻፈው ሰው። በሁለቱም ላይ አንድ ጠባይ አለው፦ ችግሩን ከነሕጉ ይነግርሃል፣ ከዚያ ሕጉን ራሱን በሰዎቹ ላይ ያዞርባቸዋል።

ይህ በደንብ የሚታየው በማዕድን ጉድጓዱ ትዕይንት ነው። ሄልና ቴሪ ቦምቦቹን ነጥቀው በተተወ የመዳብ ማዕድን ውስጥ ይገባሉ። ሄል ቦምቡን ለማምከን ያሰበበት መንገድ ግሩም ነው፤ የተሳሳተ ኮድ ደጋግሞ ማስገባት። በእውነተኛው ዓለምም የዘመናዊ አሜሪካ ቦምቦች እንዲህ ዓይነት መቆለፊያ አላቸው። የሚስጥር ቁጥሩ ካልገባ አይታጠቅም፤ ቁጥሩ ተደጋግሞ ከተሳተ ደግሞ መሣሪያው ራሱን ይዘጋና ወደ ፋብሪካ ካልተመለሰ አይሠራም። ሄል የሚሞክረው ይህንን ነው። ዲኪንስ ግን ቀድሞታል። ውስጡን ነካክቶ የተሳሳተው ኮድ እንዲያስታጥቀው አድርጎታል። ሄል ሊዘጋው ሲል ቆጠራው ይጀምራል።

ያ ትዕይንት ባየሁት ቁጥር ያስደነግጠኛል። መቆለፊያው የተሠራው ለውጭ ሌባ ነው። አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ግን መከላከያው ራሱ ወጥመድ ሆነ። በእርግጥ የእውነተኛውን ቦምብ አሠራር እንዲህ በረሃ ላይ ተቀምጦ መገልበጥ እንዳይቻል መሐንዲሶቹ ብዙ ደክመውበታል። የፊልሙ ሐሳብ ግን ከቴክኒኩ ይበልጣል።

የዚህ መቆለፊያ አጀማመር ራሱ ፊልም ይወጣዋል። በ1960 መጨረሻ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላትና የሎስ አላሞስ የኒውክሌር ላቦራቶሪ ሳይንቲስቶች አውሮፓ ውስጥ ያሉ የኔቶ ጦር ሰፈሮችን ዞረው ነበር። ከመካከላቸው ሃሮልድ አግኒው የተባለው ሳይንቲስት በኋላ እንደተናገረው፣ የአጋር አገር ምልክት ያለባቸውና የአሜሪካ የኒውክሌር ቦምብ የተጫነባቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች አስፋልት ላይ ቆመው አየ። የሚጠብቃቸው አንድ ጠመንጃ የያዘ ወጣት የአሜሪካ ወታደር ብቻ ነበር። አንድ ልጅ! አግኒው ደነገጠ። ያ ልጅ አብራሪው መጥቶ ሞተር ቢያስነሳ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከዚያ በኋላ ነው ላቦራቶሪዎቹ ቦምቡ ራሱ ላይ የሚገጠም የኮድ መቆለፊያ የሠሩት፤ በሰኔ 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በአውሮፓ ያሉት መሣሪያዎች ይህ እንዲገጠምላቸው አዘዙ። ዋናው ስጋት የጠላት ኮማንዶ ብቻ አልነበረም። ወዳጅ ነው፣ ባልደረባ ነው፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። የዲኪንስ ጥያቄ ከፊልሙ ሰላሳ ምናምን ዓመት በፊት እዚያ አስፋልት ላይ ተጠይቆ ነበር።

አሁን ፊልሙ እውነቱን በትክክል ወደማይይዝበት ልምጣ። በ1996 አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ሁለት እውነተኛ ቦምብ ጭኖ ለልምምድ አይበርም። ያ ዘመን አልፎ ነበር። የነበረበት ጊዜ ግን ነበር፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1968 ድረስ ቢ-52 የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሃይድሮጂን ቦምብ ጭነው ሌት ተቀን ሰማይ ላይ ይዞሩ ነበር። ሶቪየት ቀድማ ብትመታ እንኳን አየር ላይ ያሉት እንዲተርፉ ነው። አውሮፕላን ደግሞ ይወድቃል።

ጥር 1961፣ ጎልድስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና። ቢ-52 አየር ላይ ተሰበረ፣ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 4 ሜጋቶን የሚጠጉ ሁለት ቦምቦች ወረዱ። አንዱ በፓራሹት ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከመፈንዳት ያስቀረው አንድ ቀላል ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ እንደነበር የደኅንነት ባለሙያ በኋላ ጽፏል። ሌላው ጭቃ እርሻ ውስጥ ጠልቆ የተወሰነ ክፍሉ እስካሁን አልወጣም። በየካቲት 1958 ጆርጂያ ጠረፍ ታይቢ ደሴት አጠገብ የተጣለው ቦምብ ደግሞ ጨርሶ አልተገኘም።

ጥር 1966 በስፔን ፓሎማሬስ በምትባል መንደር ላይ የሆነው ግን ከሁሉም ይበልጥ አእምሮዬ ውስጥ ይቀራል። ቢ-52 አየር ላይ ነዳጅ ሲቀዳ ከነዳጅ ጫኙ ጋር ተጋጨ። ሰባት አብራሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሞቱ፣ አራት ቦምቦች ወረዱ። የኒውክሌር ፍንዳታ አልነበረም። ነገር ግን በሁለቱ ውስጥ ያለው ተራ ፈንጂ ምድር ሲነካ ፈንድቶ የቦምቡን ፕሉቶኒየም፣ ጨረር የሚያወጣውን ብረት፣ ማሳ ላይ በተነው። አራተኛው ባሕር ገባ። ለ80 ቀን ገደማ ተፈለገ፤ መርከቦች፣ ጠላቂዎች፣ «አልቪን» የምትባል ትንሽ ሰርጓጅ ሳይቀሩ ተሰማሩ። ቦታውን በትክክል የጠቆመው ፓራሹቱ ሲወርድ በዓይኑ ያየ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከ700 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኘ። ከማሳው ላይ ወደ 1,400 ቶን የተበከለ አፈር ተጭኖ ሳውዝ ካሮላይና ሄዶ ተቀበረ። ያም ሆኖ ሁሉም አልጸዳም። በ2015፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሁለቱ መንግሥታት ስለቀረው አፈር አሁንም እየተነጋገሩ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጥር 1968 ግሪንላንድ ቱሌ አጠገብ ሌላ ቢ-52 ከነአራት ቦምቡ በረዶ ላይ ተከሰከሰ፤ ያ ነው በረራውን ያስቆመው።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ በ1981 ባወጣው ዝርዝር ከ1950 እስከ 1980 ባለው ጊዜ 32 እንዲህ ዓይነት አደጋ መዝግቧል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ወጣት የመንግሥት ባለሥልጣን ቦምብ መጥፋቱ ነው ወይስ «ብሮክን አሮው» የሚል መጠሪያ ስም እስኪወጣለት ድረስ መደጋገሙ የበለጠ የሚያስፈራው ብሎ ይገረማል። ከፊልሙ ሰዎች የሚያስታውሱት ንግግር ይህ ነው፤ ተገቢም ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ ከባድ ቅሬታ። ከማዕድኑ ትዕይንት በኋላ ቦምቡ ጉድጓድ ውስጥ ይፈነዳል። መሬቱ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያበላሸው የኤሌክትሮማግኔቲክ ማዕበል ሄሊኮፕተር ይጥላል፣ ሄልና ቴሪ በከርሰ ምድር ወንዝ ያመልጣሉ፣ ፊልሙም ይቀጥላል። በቃ። ትልቅ የኒውክሌር ፍንዳታ በአሜሪካ ምድር ደርሶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማንም አያነሳውም። ስለ ውኃው፣ ስለ አፈሩ፣ እዚያ ስለሚኖር ሰው አንድ ቃል የለም። አክሽን ፊልም ጊዜ የለውም የሚለው ይገባኛል። ግን ፓሎማሬስ ላይ ያልፈነዳ ቦምብ እንኳን ያን ያህል አፈር አስቆፍሯል። ዩታና ጎረቤቷ ኔቫዳ ደግሞ የኒውክሌር ሙከራ ብናኝ በእውነት ያረፈባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በዚያ ምክንያት በካንሰር ለታመሙ ሰዎች መንግሥት በ1990 የካሳ ሕግ አውጥቷል። ያ ሕግ ከፊልሙ በስድስት ዓመት ይቀድማል። አንድ ዓረፍተ ነገር ፊልሙን አይገድለውም ነበር።

እና የሚሰረቀው በእውነት ምንድን ነው? ሙሉ ቦምብ ተሰርቆ እንደተሸጠ የተረጋገጠ ነገር የለም። የተሰረቀው ቦምቡ የሚሠራበት ዕቃ ነው፦ የበለፀገ (ለቦምብ እንዲሆን የተጣራ) ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም። ከባዱ ሥራ እሱን ማምረት ነው፤ ግዙፍ ፋብሪካ፣ ብዙ ዓመት፣ የመንግሥት አቅም ይጠይቃል። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አንድ ቦምብ ሊሠራበት ይችላል ብሎ የሚቆጥረው መጠን 25 ኪሎ ከፍተኛ ብልፅግና ያለው ዩራኒየም ወይም 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ እንዲህ ያለው ዕቃ በመቶ ቶን የሚቆጠር ነበር፤ ጠባቂዎቹ ደመወዛቸው ዋጋ እያጣ፣ ፋብሪካዎቹም ሥራ እየፈቱ።

እዚህ ላይ ነው የፖዶልስኩ ሰው የሚመጣው። በፊልም የተሠራ ማንኛውም ሌባ እንደ እሱ አያሳስበኝም።

ሞስኮ አቅራቢያ ፖዶልስክ ውስጥ «ሉች» የሚባል የኒውክሌር ድርጅት አለ። እዚያ ለረጅም ዓመታት የሠራ አንድ ሠራተኛ በ1992 ጋዜጣ ላይ ዩራኒየም በብዙ ገንዘብ ይሸጣል የሚል ነገር አነበበ። እሱ ደግሞ በየቀኑ የሚሠራው 90 በመቶ በበለፀገ ዩራኒየም ነው። የድርጅቱ አሠራር በምርት ሂደት ውስጥ 3 በመቶ ያህል ብክነት ይፈቅድ ነበር፤ ያ ጎደለ ተብሎ አይጠየቅም፣ ባከነ ተብሎ ይመዘገባል። ሰውየው ጎበዝ ባለሙያ ስለነበር በጥንቃቄ እየሠራ ብክነቱን ከተፈቀደው በታች አወረደው። ትርፉን ወሰደ። በትንሽ በትንሹ፣ ለወራት፣ እስከ 1.5 ኪሎ። ቤቱ በረንዳ ላይ በዕቃ አስቀመጠው። በመዝገቡ ላይ ምንም አልጎደለም። ድርጅቱም አላወቀም።

የተያዘው እንዴት ነው? ሞስኮ ሄዶ ገዢ ሊፈልግ የፖዶልስክ ባቡር ጣቢያ ላይ ሳለ አብረውት የነበሩት ጎረቤቶቹ ባትሪ ሰርቀው ኖሮ ፖሊስ እነሱን ሲይዝ እሱንም ያዘው። ቦርሳው ሲፈተሽ ነው የተገኘው። ማለትም ባትሪው ባይሰረቅ ኖሮ ዩራኒየሙ አይታወቅም ነበር። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ያሰበው አዲስ ፍሪጅና የጋዝ ምድጃ መግዛት ነበር። ሀብት አልፈለገም። ኑሮው እንዲቃናለት ነው የፈለገው። ፍርድ ቤቱም እስር ቤት አላስገባውም፤ በገደብ ለቀቀው።

ከዲኪንስ ጋር አስተያዩት። ዲኪንስ ሚሊዮን ዶላሮች ካልተሰጠኝ ብሎ መንግሥትን ያስፈራራል፣ ዴንቨር ከተማን አጠፋለሁ ይላል፣ ሲጋራውን አጭሶ ይስቃል። የፖዶልስኩ ሰው የሚያስፈራራው ሰው የለም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱም ሥራቸውን በደንብ ያውቃሉ፣ ሁለቱም የታመኑ ናቸው። ጆን ዉ መነሻውን ሳይሳሳት ይዞታል፤ ያጋነነው ሰውየውን ነው። አስፈሪ ለማድረግ ትልቅ አደረገው፣ እውነተኛው ግን ትንሽ በመሆኑ ነው የማይታየው።

የፖዶልስኩ ብቻውን አይደለም። በኅዳር 1993 ሙርማንስክ አጠገብ ባለ የባሕር ኃይል ሥፍራ አንድ መኮንን በአጥር ቀዳዳ ገብቶ፣ ቁልፉን በመጋዝ ቆርጦ፣ ለሰርጓጅ መርከብ ነዳጅ የሚሆን 4.5 ኪሎ ዩራኒየም የያዘ ዘንግ ወሰደ። ጋራዥ ውስጥ ደበቀው። ከወራት በኋላ የተጋለጠው ለመሸጥ ሰው ሲፈለግ ነገሩ ወጥቶ ነው። ጉዳዩን የመረመረው ወታደራዊ ዓቃቤ ሕግ እዚያ ድንች የተሻለ ይጠበቅ ነበር ብሎ ተናግሯል። በታኅሣሥ 1994 ደግሞ ፕራግ ውስጥ አንድ መኪና ላይ 2.7 ኪሎ ከፍተኛ ብልፅግና ያለው ዩራኒየም ተያዘ፤ ከተያዙት ሰዎች አንዱ የኒውክሌር ፊዚክስ ባለሙያ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። መኮንን፣ ባለሙያ፣ የቤቱ ሰው።

ነገሩን ያቆሙትም ሰዎች ስማቸው ፖስተር ላይ አይወጣም፣ ይህ ያሳዝነኛል። በ1991 ሳም ነን እና ሪቻርድ ሉገር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች፣ አንዱ ዴሞክራት አንዱ ሪፐብሊካን፣ የቀድሞ ጠላታቸው መሣሪያውን እንዲያፈርስና እንዲጠብቅ የሚረዳ ገንዘብ በሕግ አስወሰኑ። ለጠላት ገንዘብ መስጠት! ያን ጊዜ ይህን ማስወሰን ቀላል አልነበረም። በ1994 መጨረሻ የአሜሪካ ቡድን ከካዛክስታን መንግሥት ጋር ተስማምቶ ኡስት ካሜኖጎርስክ ከሚገኝ ፋብሪካ 600 ኪሎ የሚጠጋ ከፍተኛ ብልፅግና ያለው ዩራኒየም በሚስጥር አሽጎ በአውሮፕላን ወደ ቴነሲ ወሰደ። ባለሙያዎቹ ሳምንታት ሙሉ ጣሳ በጣሳ እየመዘኑ፣ እየመዘገቡ ነው የሠሩት። ከ1993 እስከ 2013 ደግሞ ከሩሲያ ቦምቦች የወጣ 500 ቶን ዩራኒየም ተበርዞ በአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ሆነ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ የኒውክሌር አረር ማለት ነው። ስንት ቤት በዚያ መብራት አድሯል። የሂሳብ ሥራ ነው፣ የሚዛንና የማኅተም ሥራ። ሄል በባቡሩ ጣሪያ ላይ ከሚሮጠው የማይተናነስ ጀግንነት አይቼበታለሁ።

ግን መሰልቸትም አለ። የካዛክስታኑ ዩራኒየም የሄደበት የቴነሲው ኦክ ሪጅ፣ በዓለም እጅግ ከሚጠበቁት ቦታዎች አንዱ ተብሎ የሚታሰብ ነው። በሐምሌ 2012 ሜገን ራይስ የተባሉ የ82 ዓመት መነኩሲት ከሁለት የሰላም ተሟጋቾች ጋር ሆነው በሌሊት አጥሮቹን እየቆረጡ ዩራኒየሙ የተቀመጠበት ሕንፃ ግድግዳ ድረስ ደረሱ። ቀለም ቀቡ፣ ጸለዩ፣ በመዶሻ መቱት። ካሜራ ተበላሽቶ ነበር፤ ማንቂያው ያለ ምክንያት ስለሚጮኽ ጠባቂዎቹ ለምደውት ነበር። በነሐሴ 2007 ደግሞ ከማይኖት፣ ኖርዝ ዳኮታ፣ አረር የሌላቸው ሚሳኤሎች ናቸው ተብሎ ስድስት እውነተኛ የኒውክሌር አረር ያላቸው ሚሳኤሎች በቢ-52 ክንፍ ሥር ተጭነው ሉዊዚያና ድረስ በረሩ። ለ36 ሰዓት ያህል የት እንዳሉ ማንም አላወቀም፤ እንደጎደሉም ማንም አላወቀም። ማንም አልሰረቃቸውም። ዝርዝሩን የሚያረጋግጡ ሰዎች ሳያረጋግጡ አልፈዋቸው ነው። በቀጣዩ ዓመት የአየር ኃይሉ ሲቪል ኃላፊና የጦሩ አዛዥ ሁለቱም ሥልጣን ለቀቁ። የፊልሙ መነሻ፣ እውነተኛ ቦምብ ጭኖ አሜሪካ ሰማይ ላይ የሚበር ቦምብ ጣይ፣ ፊልሙ ከወጣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በስህተት እውነት ሆነ።

ፊልሙን ደግማችሁ ካያችሁት ባቡሩ ላይ ያለውን መጨረሻ በዚህ ዓይን እዩት። ሄል ዲኪንስን የሚያሸንፈው በጉልበት አይደለም፤ በጉልበትማ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ተሸንፏል። የሚያሸንፈው ስለሚያውቀው ነው። ሰውየው መቼ እንደሚኩራራ፣ መቼ እንደሚቸኩል፣ ምን ብሎ እንደሚያስብ። የውስጥ ሌባን የሚይዘው ሌላ የውስጥ ሰው ነው። ሙርማንስክ ላይም ሌባውን ያጋለጠው ወሬው የደረሰው ባልደረባው መኮንን ነበር፣ ዝም ማለት ይችል ነበር፣ አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው ይህ ሁሉ የቆመው፣ አጥሩ ላይ አይደለም።

አንድ ፊልም ቢሠራልኝ ብዬ የምመኘው ታሪክ አለ። ፔሊንዳባ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኅዳር 2007። አገሪቱ የራሷን ቦምቦች አፍርሳ የተረፈውን ዩራኒየም ያስቀመጠችበት የኒውክሌር ማዕከል ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት የታጠቁ ቡድኖች በተለያየ በኩል ሞከሩ። አንደኛው ኤሌክትሪክ ያለውን አጥር አልፎ ገባ፣ ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል ቆየ፣ የድንገተኛ አደጋ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ድረስ ደርሶ ተረኛውን ሠራተኛ በጥይት መታ። ሰውየው ተረፈ። ዩራኒየሙን አልነኩትም። ባለሥልጣናት ተራ ዝርፊያ ነው ብለው ነበር። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ አጥር ነው። እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል ያውቁ ነበር፣ ማንቂያውን ያውቁ ነበር፣ ወደየትኛው ክፍል እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። ያንን ማን ነገራቸው?